ከአለባበሱ ይልቅ አወላለቁ ያሳስበኛል

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ወረርሽኝ ዝግጁነት ያወጣችሁትን ዘገባ በትኩረት አንብቤዋለሁ። ዘገባው ለጤና ባለሙያዎች የተከፋፈለውን የጓንት፣ የጋውን፣ የጭንብልና የቱታ ብዛት በዝርዝር ያቀረበ ሲሆን፣ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ተሸፍነው የቆሙ ባልደረቦቼን ፎቶግራፍም አያይዞ ነበር። ልብሱ መገኘቱ በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ጭንብል አጥተን አንዱን ለቀናት በተጠቀምንበት ጊዜ የነበረውን ስጋት አልረሳሁትም። ሆኖም ዘገባውን እስከ መጨረሻው አንብቤ ያላገኘሁት ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ባለሙያዎች ያንን ልብስ የሚያወልቁት የት ቦታ፣ በማን ፊትና በምን ቅደም ተከተል እንደሆነ ነው።

በነርስነት 19 ዓመት አገልግያለሁ። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፍሁት በኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ሥራ ላይ ሲሆን፣ የዕለት ተግባሬም አዲስ ገቢም ሆኑ ነባር ሠራተኞችን የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅ ማለማመድ ነው። በዚህ ሥራ የተረዳሁት፣ ልብሱ ከታማሚው አጠገብ በቆየንበት ሰዓት ሁሉ የሚጠብቀንን ያህል፣ ከክፍሉ ወጥተን ልናወልቀው በጀመርንበት ቅጽበት ራሱ የአደጋ ምንጭ እንደሚሆን ነው። ከታማሚው የወጣው ደም፣ ትውከት ወይም አክታ በዚያ ሰዓት ያለው በጓንታችንና በልብሳችን የፊት ገጽ ላይ ነው። ባለሙያው ደግሞ ደክሞታል፣ በላብ ርሷል፣ መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ ውኃ ጠምቶታል፤ ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሥራው እንዳለቀና አደጋው ከኋላው እንደቀረ ማሰቡ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ክሊቭላንድ አካባቢ በሚገኙ አራት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የጤና ባለሙያዎች በልዩ መብራት ሥር ብቻ የሚያበራ ቅባት በጓንታቸው ላይ ተቀብተው ጓንታቸውንና ጋውናቸውን እንዲያወልቁ አድርጎ ነበር። ከ435 ሙከራዎች በ46 በመቶው ቅባቱ በቆዳቸው ወይም በውስጥ ልብሳቸው ላይ ተገኝቷል። ትክክለኛውን አወላለቅ ካልተከተሉት መካከል የተነካኩት 70 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በትክክል ካወለቁት መካከልም 30 በመቶው አላመለጡም። ልብ እንዲባልልኝ የምሻው ግን ቀጥሎ የተገኘውን ውጤት ነው፤ ባለሙያዎቹ የት ላይ እንደተነካኩ በዓይናቸው እያዩ ከተለማመዱ በኋላ፣ አስቀድሞ 60 በመቶ የነበረው መነካካት ወደ 19 በመቶ ገደማ ወርዷል። ልብሱ ያው ነበር፤ የተለወጠው ልምምዱ ነው።

እኔም ተመሳሳይ ቅባት በሥልጠናዎቼ እጠቀማለሁ። ረጅም ዓመታት የሠሩ፣ ስለ ንጽሕና እኔን ራሴን ሊያስተምሩኝ የሚችሉ ባልደረቦቼ መብራቱ ሲበራ በእጅ አንጓቸው፣ ከአገጫቸው ሥር፣ አንዳንዴም በጆሯቸው አጠገብ የሚያበራውን ነጠብጣብ ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። አብዛኞቹ ፊታቸውን እንደነኩ አያውቁም። «አልነካሁም» የሚሉት እየዋሹ አይደለም፤ እጅ ከዓመታት ልማዱ የተነሣ ላብ ወዳለበት፣ ወደሚያሳክክበትና ጭንብሉ ወደጠበቀበት ቦታ ሳይታወቅ ይሄዳል።

የዓለም የወረርሽኝ ታሪክም ይህንኑ ደጋግሞ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በተስፋፋበት ወቅት በበሽታው ከተያዙት 8,096 ሰዎች መካከል 1,706ቱ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በካናዳ ቶሮንቶ፣ ለአንድ በጽኑ ለታመመ ሰው የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት በተደረገው አስቸጋሪ ሙከራ ዙሪያ፣ መከላከያ የለበሱ በርካታ ባለሙያዎች በበሽታው ተይዘዋል። ጉዳዩን የመረመሩት ባለሙያዎች ከጠቀሷቸው ችግሮች መካከል፣ ጭንብሎቹ ከእያንዳንዱ ሰው ፊት ጋር በትክክል መግጠማቸው አለመፈተሹና ብዙዎቹ ሠራተኞች ራሳቸውን ሳይበክሉ ልብሱን እንዴት እንደሚያወልቁ በግልጽ አለማወቃቸው ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በማድሪድ በኢቦላ የተያዘችው ረዳት ነርስም ልብሷን በምታወልቅበት ጊዜ በጓንቷ ፊቷን ሳትነካ እንዳልቀረች ተናግራለች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በአሜሪካ ዳላስ ሁለት ነርሶች አንድ የኢቦላ ታማሚ ሲያስታምሙ በበሽታው ተያዙ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም መመሪያውን ጥቅምት 20 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሻሽሎ አወጣ። በተሻሻለው መመሪያ ውስጥ ዋነኛ ሆነው የተቀመጡት ደጋግሞ መለማመድ፣ የትኛውም የቆዳ ክፍል ገላጣ አለመሆኑና ልብሱ ሲለበስም ሆነ ሲወልቅ የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ቆሞ መመልከቱ ናቸው። በሀብትም በሕክምና መሣሪያም ከማንም በማያንሱ ከተሞች ይህን ትምህርት ለማግኘት ባለሙያዎች መታመም ነበረባቸው፤ እኛ ያንኑ ዋጋ እንደገና እንድንከፍል የሚያስገድደን ነገር የለም።

ለአንባቢዎች ግልጽ ይሆን ዘንድ የማውለቁን ሥርዓት በጥቂቱ ላብራራ። እንደ ልብሱ ዓይነትና እንደ በሽታው ዝርዝሩ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ ይበልጥ የቆሸሸው ቀድሞ ይወልቃል፣ ፊትን የሚጠብቀው ይዘገያል። ለኢቦላ ዓይነት በሽታ በሚለበሰው ሙሉ ልብስ ሽርጡና የላይኛው ጓንት ቀድመው ይወጣሉ፤ ቱታው ከላይ ወደ ታች የውጪው ገጽ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ፣ ሳይራገፍና ሳይቻኮሉ ይወርዳል፤ መነጽሩና ጭንብሉ ከኋላ በማሰሪያቸው ተይዘው ወደ ፊት ይወጣሉ እንጂ የፊት ገጻቸው አይነካም። በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል እጅ ይጸዳል፤ ጓንት በእጅ ላይ እያለም ቢሆን እንዲሁ ይደረጋል፤ የውስጠኛው ጓንት በመጨረሻ ወልቆ እጅ እስኪታጠብ ድረስ ሥራው አላለቀም። በአተነፋፈስ ለሚተላለፍ በሽታ የሚለበሰው ኤን95 ጭንብል ደግሞ መውለቅ ያለበት ከታማሚው ክፍል ከወጡና በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ጥድፊያ ለመፈጸም ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። የሥራ ክፍፍል የሚያወጣ ኃላፊ ይህን ሩብ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ካልቆጠረው፣ ባለሙያው ከራሱ ደኅንነት ላይ ቀንሶ ይከፍለዋል።

ቅደም ተከተሉን በቃል ማወቅ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። የደከመ ሰው የሚያውቀውን ይዘላል። ስለዚህ አንድ ባልደረባ በአስተማማኝ ርቀት ቆሞ፣ የእርምጃዎቹን ዝርዝር በእጁ ይዞ፣ «አሁን እጅህን አጽዳ፣ አሁን አገጭህን ቀና አድርግ፣ ቆይ፣ አትቸኩል» እያለ በዝግታ የሚያነብለት መሆን አለበት። ይህ ተቆጣጣሪ ትርፍ ሰው ተደርጎ ሲታይ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ተቋም የቀን ፈረቃ ላይ ተቆጣጣሪ ይመደብ ነበር፤ በሌሊት ግን «የሰው እጥረት አለ» ተብሎ ባለሙያዎች ለብቻቸው እንዲያወልቁ ተደረገ። ሌሊት ደግሞ ሰው ይበልጥ የሚደክምበትና የሚሳሳትበት ሰዓት ነው። አንድ ሌሊት እኔ ራሴ ልብሱን ለብቻዬ ሳወልቅ መነጽሬን በፊት ለፊት ገጹ ይዤ እንደሳብሁት የገባኝ በእጄ ከያዝሁት በኋላ ነበር። በበሽታው አልተያዝሁም፤ የክትትሉ 21 ቀን እስኪያልፍ ግን ጠዋትና ማታ ሙቀቴን እየለካሁ፣ ልጆቼን ከሩቅ እያየሁ ኖሬአለሁ። አቤቱታዬን በጽሑፍ ባቀርብም የተሰጠኝ መልስ የልብስ እጥረት እንደሌለ የሚገልጽ ነበር።

ጥድፊያ በመግቢያው ላይም ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሰሜናዊ ኡጋንዳ ጉሉ ኢቦላ በተነሣ ጊዜ የላቾር ሆስፒታልን የመሩት ዶክተር ማቲው ሉክዊያ፣ ለሠራተኞቻቸው የመከላከያን ሥርዓት በጥብቅ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በኅዳር ወር አንድ ሌሊት በበሽታው ተይዞ ደም ይፈሰው የነበረ ነርስ ባልደረባቸውን ለመርዳት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ሲሮጡ፣ ጭንብል፣ ጋውንና ጓንት ቢያደርጉም የዓይን መከላከያ አላደረጉም ነበር። የተያዙት በዚያች ሌሊት እንደሆነ ይታመናል፤ ታኅሣሥ 5 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዐረፉ። ስለ እኚህ ሐኪም ለሠልጣኞቼ ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይሰበራል። የሠሩት ስሕተት የቸልተኛ ሰው ስሕተት አልነበረም፤ የሚወዱትን ባልደረባ ሲሞት ማየት ያልቻለ ሰው ስሕተት ነው። በዚህም ምክንያት ለጤና ባለሙያ ሊነገረው የሚገባው ከባዱ ነገር፣ ታማሚው ወድቆም ቢሆን፣ ደም እየፈሰሰውም ቢሆን፣ ልብሱን ሳያሟላ መግባት እንደሌለበት ነው። ይህን ለመፈጸም ደግሞ የባለሙያው ጽናት ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ለብሶ የተዘጋጀ ሌላ ተረኛ በማግለያ ክፍሉ አቅራቢያ መኖሩ ያስፈልጋል።

ሙቀቱንም ያልለበሰ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። አየር የማያስገባ ቱታ በሞቃት ክፍል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት ይይዛል፤ ላብ በቦት ጫማ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጭንብል ሲርስ መተንፈስ ይከብዳል፣ ማስተዋልም ይቀንሳል። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ሕክምና ማዕከላት ባለሙያዎች በሙሉ ልብስ የሚቆዩት ለአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ እንዲሆን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ አንዱ ሲደክም ሁለቱም ይወጣሉ። መውጫው ሰዓት የሚሰላው አቅም እስኪያልቅ በመጠበቅ ሳይሆን፣ ለማውለቂያ የሚበቃ አቅም ገና እያለ ነው። «አንድ ታማሚ ብቻ ልጨምር» የሚለው ደግ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሰዎችን ለአደጋ አጋልጧል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ከፍርሃት የተነሣ የሚያደርጉት ነገርም አለ፤ ሦስት ጓንት መደራረብ፣ ጓንትን ከቱታው ጋር በፕላስተር መጠቅለል፣ ሁለት ጭንብል አንዱን ባንዱ ላይ ማድረግ። ፍርሃቱን በሚገባ እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን በሥርዓቱ ውስጥ የሌለ ተጨማሪ ድርብ ማውለቁን ያወሳስባል፣ ፕላስተሩ ሲላቀቅ ጓንቱን ሊቀድ ይችላል፣ ሁለተኛው ጭንብልም ኤን95ቱ ከፊት ጋር የፈጠረውን መግጠም ሊያላላው ይችላል። ልብሱን ከለበሱ በኋላ መላ ሰውነትን በክሎሪን ማስረጨትም እንዲሁ ደኅንነት የሚሰጥ የሚመስል ተግባር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ሰዎችን በፀረ ተህዋሲያን መርጨት በምንም ሁኔታ እንደማይመከርና ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል አሳውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኢቦላና ተመሳሳይ ገዳይ በሽታ ለሆነው ለማርበርግ ባወጣው መመሪያም ይህንኑ አጽንቷል። ክሎሪኑ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቆጣል፤ እርጭቱም በልብሱ ላይ ያለውን ብክለት ሊያፈናጥር ይችላል።

ስለ ጓንት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅን ይነካል። ጓንት አድርጎ ስልክ የሚያነሣ፣ የበር እጀታ የሚይዝ፣ ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው የሚያልፍ ባለሙያ ራሱን እንደጠበቀ ቢያስብም ተህዋሲያኑን በየቦታው እያደረሰ ነው።

ልብሱ ከሰውየውና ከበሽታው ጋር መመጣጠኑም ከብዛቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ኤን95 ጭንብል ከአየር ወለድ ጥቃቅን ቅንጣቶች ቢያንስ 95 በመቶውን የሚያስቀረው በፊት ላይ በሚገባ ሲገጥም ነው፤ በጢም ወይም በመጠን አለመመጣጠን በጎን የሚገባ አየር በማጣሪያው ውስጥ አያልፍም። ከሴት ባልደረቦቼ ብዙዎቹ የሚሰጣቸው ቱታ ለትልቅ ወንድ የተሰፋ በመሆኑ እየተጎተተ ያደናቅፋቸዋል፤ እጅጌው እየታጠፈ ከጓንቱ ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል። በተቃራኒው ለኮሌራ ታማሚ ጓንት፣ ውኃ የማያስገባ ጋውን ወይም ሽርጥ፣ ቦት ጫማና የእጅ መታጠቢያ እንጂ ኤን95 አያስፈልግም፤ በአንድ ቦታ ያለአግባብ የባከነ ጭንብል የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኩፍኝ ታማሚ ለሚያስታምም ሌላ ሰው የጎደለ ጭንብል ነው።

በዘገባዎች ውስጥ የማይጠቀሱ ሰዎችም አሉ። ደም የፈሰሰበትን ወለል የሚወለውሉ፣ ቆሻሻውን ወደ ማቃጠያው የሚወስዱ፣ አንሶላ የሚያጥቡ፣ አስከሬን የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ከሐኪሙ ያላነሰ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ንክኪ አላቸው። ይሁንና ሥልጠና ሲጠራ ስማቸው የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ የሚደርሳቸውም ብዙ ጊዜ ስስ ጓንት ብቻ ነው። በሽታው ከመታወቁ በፊት ታማሚውን የሚቀበሉት የድንገተኛ ክፍልና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሩዋንዳ በተከሰተው የማርበርግ ወረርሽኝ በምርመራ ከተረጋገጡት 66 ታማሚዎች መካከል 80 በመቶ ያህሉ የጤና ባለሙያዎች መሆናቸው፣ ጥንቃቄው ወረርሽኙ ከታወጀበት ቀን ሳይሆን ከዘወትር ሥራ መጀመር እንዳለበት ያሳየ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኮቪድ የሞቱትን የጤና ባለሙያዎች ቁጥር ከ80,000 እስከ 180,000 ገምቶታል። እነዚህ ሁሉ በማውለቅ ስሕተት ሞቱ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚለብሱት ያጡ ነበሩ። ቁጥሩን የጠቀስሁት፣ የምንነጋገረው ስለ ስንት ሰው ሕይወት እንደሆነ ለማሳየት ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ለጋዜጠኞቻችሁ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ የሚነሣ ነው። ወደፊት ስለ ዝግጁነት ስትዘግቡ ኃላፊዎችን ስንት ቱታ በመጋዘን እንዳለ ከጠየቃችኋቸው በኋላ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ በተግባር እንደተለማመደ፣ የማውለቂያው ቦታ ከንጹሑ ክፍል በምን እንደተለየ፣ መስታወትና የእጅ መታጠቢያ እንዳለው፣ በሌሊት ፈረቃ ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ፣ የተሳሳተ ባለሙያ ስሕተቱን ሳይፈራ የሚያሳውቅበት መንገድ መኖሩን ጠይቁልን። የመጨረሻው በተለይ ያስጨንቀኛል። ፊቱን በጓንት የነካ ሰው ቅጣትን ፈርቶ ዝም ካለ፣ ቤተሰቡንም ባልደረቦቹንም የሚጠብቀው ክትትል ሳይጀመር ይቀራል።

ከጋዜጣው ባልደረቦች አንዱ ፈቃደኛ ከሆነም፣ በሚቀጥለው ሥልጠናዬ ላይ ከሠልጣኞቹ ጋር ጋውንና ጓንት ለብሶ፣ ቅባቱን ተቀብቶ እንዲያወልቅ እጋብዘዋለሁ። መብራቱ ሲበራ በገዛ ቆዳው ላይ የሚያየውን ለአንባቢዎቹ ይጻፍላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
በኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ሥራ ላይ የምገኝ ነርስ